ጅቡቲ ላይ ማንን እንዳመንኩ

ከሐረር የወጣሁ ዕለት ማታ እናቴ እስከ ሸዋ በር ሸኘችኝ። የድሬዳዋው ሚኒባስ እስኪሞላ እጄን አልለቀቀችም። ሰው ሁሉ ክፉ አይምሰልሽ፣ ግን ሰውን ወደ ልብሽ ከማስገባትሽ በፊት በሩ ላይ ትንሽ አቁሚው አለችኝ። እያለቀስኩ ግማሹን ብቻ ሰማሁ። በማግስቱ በባቡር ጅቡቲ ገባሁ።

ሙቀቱን እንዴት ልንገራችሁ። በክረምት ጋቢ የምንደርብ ሰዎች እዚህ ጥላ ውስጥ ቆመን እንቀቀላለን። ቁርሱ ባጌት የሚሉት ረጅም ዳቦ ነው፤ ክፉ አይደለም፣ ግን የኛን ትኩስ ፈጢራ ያስናፍቃል።

ቤት ያከራዩኝ ሐዋ የሚባሉ ሶማሊ ባልቴት ናቸው። ሐረር ገበያ በለቃቀምኳት ሶማሊኛ ነው የተግባባነው።

«ሌባ ነሽ?» አሉኝ ገና ከደጅ።

«አይደለሁም።»

«ሌባም እንዲሁ ነው የሚለው። ግቢ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ የግቢውን በር ይቆልፋሉ። እኔም ሻንጣዬን መቆለፍ ጀመርኩ።

ያመንኩት ሌላ ሰው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያገኘሁት፣ ማዕተብ ያሰረ፣ ሐረርን ሰፈር በሰፈር የሚያውቅ ያገሬ ልጅ። ለእኔና አብራኝ ለምትኖረው፣ ሐረር ፈላና በር ሰፈር ላደገችው ሰናይት ባሕር ማዶ ሥራ አግኝቼላችኋለሁ፣ ፓስፖርታችሁን ብቻ ስጡኝ አለን። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ፓስፖርቱን ከያዘ በኋላ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። መጀመሪያ አብረን ገብተን ቄሱን እናናግራቸው አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «እምነት የለሽም ማለት ነው?»

«እምነቴ በእግዚአብሔር ነው። አንተን ግን ገና አላወቅኩህም» አልኩት።

ቄሱ ዘንድ አልገባም። ሰናይትን ለመንኳት፤ እሷ ግን ማዕተቡን አይታ አመነችውና ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም።

ከእንግዲህ ማንንም አላምንም ብዬ በሬን ዘግቼ ተኛሁ፤ ትኩሳት ጣለኝ። አንኳኩተው የገቡት ሐዋ ነበሩ። ሾርባ አጠጡኝ፣ ደግፈው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። የሰናይትን ነገር ስነግራቸው አለቀሱ። ለካ በሩን የሚቆልፉት እንዲህ ያለ ሰው ከዚህ በፊትም ተከራዮቻቸውን አታልሎ ስለወሰደባቸው ነው። ስድን የግቢውን ቁልፍ ሰጡኝ። ያን ቀን ጸሎቴ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ከክፉ ሰው ሰውረኝ ብቻ ሳይሆን፣ ደጉ ሲመጣም እንዳላባርረው ዓይኔን ክፈትልኝ አልኩ።

ትናንት እናቴ ደወለች። የሰናይት እናት በየቀኑ እየመጡ የልጃቸውን ወሬ እንደሚጠይቋት ነገረችኝ። ከዚያ ሐዋን አገናኚኝ አለች። እሷ ሶማሊኛ አትችል፣ እሳቸው አማርኛ አይሰሙ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ሰጠኋቸው። እናቴ ትንሽ አሰበችና፣ ሐረር ያሉ እስላም ጎረቤቶቻችን አደራ ለማለት የሚሉትን ቃል አለቻቸው።

«አማና።»

ሐዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አማና» እያሉ ደጋግመው ራሳቸውን ነቀነቁላት፣ እናቴ እንደማታያቸው ረስተው።