ወገቤ ሊለካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው ጥር ነው። አሁንም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

የምሠራው በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ ላይ ነው። እዚያ እንደ ልብ መራመጃ የለም፤ ምግብ ግን ሞልቷል። ወጥ ቤቱ በየቀኑ ትኩስ ዳቦና ኬክ ያወጣል። አስር ሳምንት ውሃ ሥር ቆይተን ስንወጣ ቀበቶዬ አልደርስ አለኝ። አለቃዬም፣ "ከሁለት ሳምንት በኋላ ወገብህ ይለካል፤ ከልኩ ካለፈ ቀጣዩን ጉዞ አትሄድም" አለኝ።

እረፍቴን ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ጋ ሆንኩ። እንዲያልበኝ ብዬ ከሹራቤ በላይ የቆሻሻ ላስቲክ አጥልቄ ጠዋት ጠዋት እሮጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ ታክሲ አጠገቤ ቆመ። ሾፌሩ በዕድሜ የገፉ ሐበሻ ናቸው።

"ልጄ፣ በዚህ ብርድ ላስቲክ ለብሰህ? በል ግባ" አሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ እምቢ ማለት አቅቶኝ ገባሁ።

"ቤትህ የት ነው?"

"ለጊዜው እህቴ ጋ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ባሕር ሥር ነኝ።"

ፊታቸውን አዙረው ትክ ብለው አዩኝ። "ባሕር ሥር" አሉ ቀስ ብለው። "ብቻህን?"

"ኧረ ከመቶ ሰው በላይ ነን።"

"እህትህ ይህን ታውቃለች?"

"ታውቃለች።"

"ተመስገን" አሉ።

አእምሮዬን የታመምኩ እንደመሰላቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ላስረዳቸው ብሞክርም፣ "እሺ፣ እሺ፣ መጀመሪያ ብላ" ብለው ምግብ ቤት አስገቡኝ። ጥብስ ፍርፍር መጣ። ወገቤ ሊለካ ነው ብላቸው ጭራሽ አዘኑ። አሁንም አሁንም ያጎርሱኛል። የሽማግሌ ጉርሻ ደግሞ አይመለስም።

ሳህኑ ባዶ ሲሆን የእህቴን ቁጥር ተቀብለው ኮል አደረጉላት፤ ስፒከር ላይ ነው።

"ልጄ፣ አይዞሽ፤ ወንድምሽ እኔ ጋ ነው። ባሕር ሥር ነው የምኖረው ይላል።"

"እውነቱን ነው አባባ፤ ሥራው ነው። ብቻ እባክዎ ምንም እንዳያበሉት።"

ሽማግሌው ሳህኑን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። ከዚያ ስልኩን ዘጉት።

ከማግስቱ ጀምሮ በየጠዋቱ እህቴ በር ላይ ይጠብቁኛል። ፍሬቻ አብርተው ከኋላዬ በዝግታ እየነዱ፣ በመስኮት "ገና ነህ፣ ሩጥ" ይሉኛል። ወገቤም በተለካበት ቀን ልኩን ሳያልፍ ለጥቂት ተረፍኩ።

ያኔ አፍሬ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሽማግሌው እብድ እንደሆንኩ አምነው እንኳ ከኋላ አላስቀመጡኝም። የፊቱን በር ከፍተው አጠገባቸው ነው ያስቀመጡኝ።