የሙእሚን ዝላይ

ሚሌኒየሙ ከተከበረ በኋላ በነበረው ክረምት ሙእሚን ለእረፍት መካነ ሰላም ሲመጣ ቤቱ ሰላም አጣ። ይቀመጣል፣ ይነሳል፤ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን ያያል፣ ተመልሶ ይገባል። እህቱ ኑርጃን «ኧረ አንተ፣ መደቡ ይፋጃል እንዴ?» ብትለው እንኳ አልሳቀም። እንዴት ይሳቅ? የሚያጨናንቀውን እሱና አላህ ነው የሚያውቁት።

ሙእሚን ደሴ ባለ አንድ ክለብ በደመወዝ የሚጫወት አጥቂ ነው። ቁመቱ ይህ ነው የሚባል አይደለም። የማዕዘን ምት ሲሻማ ግን ከረጃጅሞቹ ተከላካዮች በላይ ብድግ ብሎ በግንባሩ ሲገጨው፣ ወይ ጉድ! ስታዲየሙ ይናጥ ነበር። እንጀራው ያ ዝላይ ነው።

አሰልጣኙ ንጉሡ ደግሞ መለካት የሚወድ ሰው ነው። የውድድር ዓመቱ ሲጀመር፣ ሲጋመስና ሲያልቅ ተጫዋቾቹን ጣታቸውን ጠመኔ እያስነካ ግድግዳ ላይ ያዘልላቸዋል፤ የዘንድሮውንም ከአምናው ጋር ያስተያያል። ውድድሩ እንዳለቀ ሙእሚንን ለብቻው ጠራው።

«ሩጫህ ደህና ነው። ዝላይህ ግን ከካቻምና ጀምሮ እየወረደ ነው፤ ዘንድሮማ ብሶበታል። ጨዋታ ታነባለህ፣ ኳስ ታቀብላለህ። አማካይ ሁንና ፈርም፤ ለአጥቂነቱ ሌላ ሰው አለኝ» አለው።

የሙእሚን ደም ፈላ። «ኮች፣ የእርስዎ ግድግዳ ነው የተንጋደደው! እኔ አገሬ የራሴ መለኪያ አለኝ። አጥቂ ካልሆንኩ አልፈርምም!»

ንጉሡ አልተቆጣም። «እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ሐሙስ አስብበት። ከዚያ ካለፈ ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ» ብሎ ሸኘው።

የራሴ የሚለው መለኪያ አባቱ ቤት ግድግዳ ላይ ያለ ምስማር ነው። ክለቡ መጀመሪያ ያስፈረመው ዓመት ዘልሎ የደረሰበት ቦታ ላይ የመታው ነው፤ በየክረምቱ ሲመጣ ዘልሎ ይነካዋል። አምና አልደረሰበትም ነበር፤ ደጋግሞ ሞክሮ ሲያቅተው ድካም ነው ብሎ ገባ። ዘንድሮ ግን ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ቢዘል፣ ምስማሩን ነክቶ አለፈው። «ይኸው!» ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። አሰልጣኙን ሲያማ ዋለ።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ የሰፈሩ ሜዳ ለኳስ ሲወጣ ነገሩ ሌላ ሆነ። ከወግዲ የመጣ ዑበይዳ የሚባል አናጢ፣ ለእግሩ ደህና ጫማ እንኳ የሌለው፣ ከአናቱ ላይ ኳሱን ነጠቀው። ደግሞ ነጠቀው። ምስማሩ ደርሰሃል ይለዋል፤ ኳሱ የለም አልደረስክም ይለዋል። እንቅልፍም እህልም እምቢ አለው።

ሐሙስ ነገ ሊሆን ኃይለኛ ዝናብ ወረደ። ሲያባራ ሙእሚን እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ሄደ። ጎርፉ ከግድግዳው ሥር ያለውን አፈር ዳር ዳሩን ሸርሽሮታል። ቢያይ ከላይ ያለው አዲስ ድልድል አፈር ነው፤ የሚያውቀው የድሮ ጠጠር ከሥሩ ተቀብሯል። አካፋ አምጥቶ ጠጠሩ እስኪወጣ ዛቀው፤ ከጠጠሩ ላይ ዘለለ። ጣቱ ከምስማሩ በታች ያለውን የግድግዳ ጭቃ ነካ። ደግሞ ዘለለ፤ ያው ነው።

አባቱ ሼህ ሷሊህ የአስር ሰላት ሰግደው ሲመለሱ የተዛቀውን አፈር አይተው ቆሙ። ሼሁ ቁርአን አስተማሪ ናቸው፤ ኳስ አይወዱም፤ ልጃቸው ሲጫወት አንድ ቀን ሄደው አላዩም።

«አባ፣ ይህን አፈር ማን ነው ያፈሰሰው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለጎርፍ ብለው ነው?»

አዎ ቢሉ ማን ይጠይቃቸዋል? ክረምት ሲገባ ደጁን የማይደለድል የለ። ሼሁ ግን አንገታቸውን ደፉ።

«ለጎርፍ አይደለም። አምና አቅቶህ ስትገባ ፊትህን አየሁት። ዓመቱን ሙሉ ያ ፊት አልለቅህ አለኝ። ምስማሩን ዝቅ ባደርገው ታውቅብኛለህ፤ መሬቱን ከፍ አደረግሁት።»

«እንጀራዬን እኮ ነው ያበላሹብኝ!» ብሎ ጮኸ ሙእሚን። በአባቱ ላይ ጮኾ አያውቅም፤ ወዲያው አፈረ። ሞባይሉን አወጣና ደሴ ደወለ።

«ኮች፣ እርስዎ ልክ ነዎት። ዝላዬ ወርዷል። የእኛ ግድግዳ ዋሽቶኝ ነው።»

ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉት።

«አሰላሙ አለይኩም። ግድግዳው አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ አባቱ ነኝ። ጥፋቱን በልጁ ላይ እንዳያደርጉበት፣ በአላህ ይሁንብዎ።»

አሰልጣኙ የሚለውን አዳመጡ፤ «አሚን» አሉ፤ ስልኩን መለሱለት።

«ነገ በጠዋት ተነስቶ ይምጣና ይፈርም ይላል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ለመሆኑ ይኸ አማካይ የሚሉት ምንድን ነው ሥራው?» ብለው ጠየቁት።

ሙእሚን ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተ፤ እንባው ቀደመው።