ያልበላሁት ሙዝ

አባታችን በስኳር በሽታ የሞተው ሴቻ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ሐይቁ በሚታይበት ክፍል ውስጥ ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት እህል አልቀመሰም፤ ክፍሉ ግን ያለፈበት ሙዝ ይሸት ነበር። ታላቅ እህቴ ከአልጋው ሥር ሳይቀር ፈለገች። ሙዝ አልነበረም። የትንፋሹ ሽታ መሆኑን ሐኪሞቹ የነገሩን በኋላ ነው።

ዘንድሮ የእኔም ስኳር ከፍ ማለት እንደጀመረ ተነገረኝ። መድኃኒት ገና አልታዘዘልኝም። እንጀራ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ትቼ በሥጋ፣ በዓሣ፣ በቅቤና በጎመን ለመኖር ወሰንኩ፤ ኪቶ የሚሉት ነው። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሳላጣራ የምጽፈው ዜና ስለሌለኝ ይህንንም አንብቤ ነበር የጀመርኩት። ራስ ምታትና ድካም እንደሚመጣ አውቅ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ዓሣ ገበያው ልዘግብ ጫሞ ሐይቅ ዳር ወረድኩ። ቀትር ነበር። ጀልባዎቹ ይጠጋሉ፣ የቀዛፊዎቹ አፍ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፃቸው ግን ዘግይቶ የሚደርሰኝ መሰለኝ። ውሃው ፍጹም ጸጥ ብሏል። እግሬን ስትራፖ ሲይዘኝ መረብ ከሚጠግን ዓሣ አስጋሪ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሰውዬው እጁን ከመረቡ አንሥቶ አየሩን አሸተተ።

"ጋሼ፣ ሙዝ ደብቀው ይበላሉ እንዴ? ለእኛም ወዲህ ይበሉ እንጂ!"

ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ መዳፌን አፌ ላይ አድርጌ ተነፈስኩ።

ቤት ስደርስ እህቴ በረንዳው ላይ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። አጠገቧ ስቀመጥ እጇ ቆመ። የዞረችው ግን ወደ እኔ አልነበረም፤ ወደ አባታችን ክፍል ነበር። በሩ ዝግ ነው።

"ሸተተሽ፣ እትዬ?"

"ተነሥ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ነገ ጠዋት..."

"እሱም ነገ ነበር ያለኝ።"

ክሊኒክ ውስጥ ስኳሬን ለኩ፤ ደሜንና ሽንቴንም መረመሩ። እህቴ የአባታችንን አሟሟት ለሐኪሟ ነግራ፣ በሩን ተደግፋ ፊቷን ብቻ ታያለች።

"ስኳርዎ ደህና ነው" አለች ሐኪሟ። "ሽታው ሰውነትዎ ስብ ሲያቃጥል የሚመጣ ነው። የአባትዎ ስኳር ከቁጥጥር ወጥቶ ደማቸው ተመርዞ ነበር፤ ሽታው ቢመሳሰልም ነገሩ ሌላ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ድርቀትዎ ነው። ውሃ መቼ ነው የሚጠጡት?"

"ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ።"

"ጾም ላይ ነዎት?"

"በሥጋና በቅቤ የምን ጾም!"

"ታዲያ?"

ከልጅነቴ ጀምሮ ምግብ መከልከል ማለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አለመቅመስ ነበር። ይህንን አመጋገብም ሳላስበው እንደዚያ ይዤዋለሁ። ጨው እንኳ ቀንሻለሁ።

"ቅቤ የሚበላ ጾመኛ!" አለች እህቴ። አልሳቀችም።

የደም ግፊቴ ዝቅ ብሎ ስለነበር ሐኪሟ ከጠዋት ጀምሬ ውሃም፣ ጨው ያለው የዓሣ መረቅም እንድጠጣ አዘዘችኝ። ካስመለሰኝ ወይም መተንፈስ ከከበደኝ ሳልውል ሳላድር እንድመጣ አስጠነቀቀችኝ።

ልንወጣ ስንል እህቴ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። አባታችን ከሞተ ወዲህ ተመርመሪ ስንላት "የተኛውን አትቀስቅሱብኝ" እያለች ስኳሯን ተለክታ አታውቅም። አሁን ግን አልፋኝ ሄዳ የተነሣሁበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"እኔንም" አለች፣ ጣቷን ዘርግታ።

መርፌው ሲነካት ዓይኗን ጨፍና በሌላው እጇ እጄን ፈልጋ ያዘች።