እሳቱን ጠይቂው

ቴሜስካል የሚባለው ሰፈር ያለ አንድ የልብስ ሱቅ ስገባ የተቀቀለ የሽንኩርት ልጣጭ ሸተተኝ። ጥግ ላይ ድስት ተጥዷል። ሻጯ ወጣት ቢጫ ሸሚዝ ዘርግታ፣ “ኦርጋኒክ ጥጥ ነው፤ ቀለሙም ከዚያ ድስት የወጣ ነው” ስትለኝ ሳቄ መጣ።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ በነበረው አፓርታማችን፣ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች ራሳቸው የፈተሉትን ክር በሽንኩርት ልጣጭ ይነክሩ ነበር። በዚያ ክር ለጥምቀት የምለብሰውን ነጭ ቀሚስ ሊጠልፉልኝ ነበር። እኔ ደግሞ እናቴ ከሳን ሆዜ የገዛችልኝን የሚያብረቀርቅ ቀሚስ ካልለበስኩ ብዬ ድርቅ አልኩ።

“ይሄ ፕላስቲክ ነው” አሉኝ።

“ኮተን ይላል እኮ! ሌብሉን እዩት!”

“የሚለውን ተዪው፤ እሳቱን ጠይቂው።”

ከቀሚሱ ጠርዝ አንድ ክር መዘው ስቶቩ ላይ ለኮሱት። ተኮማትሮ ጥቁር ጠጠር ሆነ፤ ቤቱን የተቃጠለ ፌስታል ሽታ ሞላው። ቀጥለው የራሳቸውን ክር ለኮሱ። እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ሲሆን እፍ አሉት።

ቢሆንም የሚያብረቀርቀውን ለብሼ ወጣሁ። እሳቸውም አልለመኑኝም።

“በይ ሂጂ። ጧፍ እንዳትጠጊ ብቻ።”

እልኼ ዛሬም አልለቀቀኝም። ሻጯ የሸሚዙን ሌብል እያሳየችኝ ነው። ከጠርዙ የተንጠለጠለች አንዲት ክር በጥሼ ያዝኩና ቀና አልኩ።

“ክብሪት አለሽ?”