ምርኩዝ ላይ የበቀለ የዛፍ ሽበት

በድርቁ ጊዜ ከመተማ ወደ ሱዳን ተሰደን ከዶካ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የስደተኞች ሰፈር እንኖር ነበር። አንድ ቀን ከጎናችን ካለው ራኩባ፣ ከሣር ዳሱ፣ አንዲት ሴት ገባች። በሰፈራ ስም ከወሎ ተጭነው ወደ ምዕራቡ ደን ከተወሰዱት አንዷ ናት። ከዚያ ከሌሎች ጋር ጠፍታ፣ ድንበር ተሻግራ፣ በሎሪ ተሳፍራ እኛ ዘንድ የደረሰችው ብቻዋን ነው። ወባ አድክሟታል። በእጇ የያዘችው ቅርፊቱ ያልተላጠ ምርኩዝ ብቻ ነበር።

ምርኩዙ ላይ ግራጫ ነገር ተለጥፏል። እንደ ቀለም ቅብ ስስ ነው፤ በጥፍር ብትነኩት አይነሳም። በላዩ በቀጭን ብዕር የተጫሩ የሚመስሉ ጥቋቁር መስመሮች አሉት።

ባለቤቴ እከክ መስሎት በቢላዋ ሊፍቀው ሲል ሴትዮዋ ከተኛችበት ቀና አለች።

«ተው ወንድሜ፣ አትንካው። የዛፍ ሽበት ነው።»

«ዛፍም ይሸብታል እንዴ እታለም?» አልኋት።

«እዚያ አገር ይሸብታል፤ ግንዱ ላይ እንዲህ ያለ ይበቅልበታል። ፀሐይ የማይገባበት ደን ነው፤ ዛፉ ሁሉ አንድ ይመስላል። እኛ የሜዳ ሰዎች ውሃ ልንቀዳ ወጥተን መንገድ ይጠፋብን ነበር። በኋላ የየግንዱን ሽበት ለየሁት። አንዱ ክብ ነው፣ አንዱ የተወጠረ ቆዳ ይመስላል። እሱን እያየሁ ሴቶቹን ምንጭ አደርሳቸው ጀመር። ስንጠፋም በእሱ ነው የወጣነው።»

ባለቤቴ ቢላዋውን አስቀመጠ። እኔ ደግሞ ያን የሚያህል ደን በዓይኗ ይዛ የወጣችውን ሴት አየኋት።

ክረምቱ ሲገባ ተሻላት። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ምርኩዙን ደጅ አቆመችው። ስናየው ግራጫው ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ያ ሁሉ ሐሩር ያደረቀው፣ ሞቷል ያልነው ነገር፣ ጥቂት ውሃ ሲነካው ነፍስ ዘራ። ጎረቤቶቻችን እየመጡ አዩት፤ አንዲት ትግርኛ ተናጋሪ አሮጊት ጎንበስ ብላ ተሳለመችው። ያን ዓመት ስንቱን ቀብረን ነበር፤ የሚያገግም ነገር ማየት ብርቅ ሆኖብን ቆይተናል።

በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ አብረን ሠራን። ምልክት በሌለው ሜዳ አመሻሽቶብን እንኳ ፊት ፊት እየሄደች ሰፈር ታገባን ነበር። እዚያ እያለን አንድ የሎሪ ሾፌር፣ ከወሎ ሲጫኑ የተለየቻትና ስታፈላልጋት የቆየችው እህቷ ፋው በሚባል የጥጥ እርሻ ጥጥ ትለቅማለች አላት። በማግስቱ ወደዚያ ተነሳች።

ጥጡ ተለቅሞ ሲያልቅ ሁለቱ ተያይዘው ሊጠይቁን መጡ። እህቷ ቁርጥ እሷን ትመስላለች፤ ሳቋ ብቻ ይበልጣል። ያን ዕለት ሲያወሩ ዋሉ፤ እኛም ሥራ ትተን ስንሰማቸው ዋልን።