በስብሰባ የተመረመረው መኪና

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ሐሙስ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ለአንኮበር ገበሬዎች የበግ ክትባት ላደርስ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የሄድኩት የምነዳውን መኪና ሕመም መንገድ ላይ ፈልጌ ራሴን ላድን ነው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ቤንዚን ስሰጠው እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። የጋራዣችን ኮሚቴ ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ። አንድም ሰው ከሥሩ ሳይገባ «የሹፌሩ የአነዳድ ጉድለት ነው» ብሎ ወሰነ። ዶሮ እንኳ ገጭቼ በማላውቀው በእኔ ላይ! ቅዳሜ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ጥፋቴን ካላመንኩ ቁልፍ አስረክባለሁ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ «አሻጥረኛ» የምትባል ቃል አለች፤ በእሷ ስንቱ እንደወጣ ቀርቷል። ሦስት ልጆች አሉኝ።

የገብሱን ሜዳ ቀስ ብዬ አለፍኩት። ዳገት ላይ ግን ቀስ ማለት የለም። ቤንዚን በሰጠሁ ቁጥር ወለሉ እግሬን ያደነዝዘዋል፣ የክትባቱ ሳጥን ይዘላል። ኮሚቴውን ከነዘር ማንዘሩ እየሰደብኩ ነዳሁ።

አንኮበር፣ አራት ሰዓት

ክትባቱን አስረክቤ ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይና ዳቦ ሃምሳ ሳንቲም። አጠገቤ የአልዩ አምባው ጋሽ ሰይድ ተቀምጠዋል፤ ዛሬ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፣ ድሮ እስከ አሰብ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር።

«ልጄ፣ መኪናህን ከሩቅ ሰማሁት። ታሟል እኮ!»

«ኮሚቴው የታመምከው አንተ ነህ ብሎኛል፣ ጋሼ።»

ከት ብለው ሳቁና አብረውኝ ወጡ። እየነዳሁ «ስጥ!» ይሉኛል፤ ይንቀጠቀጣል። «ልቀቅ!» ጸጥ።

«ጎማ ቢሆን ስትለቅም አይተውህም ነበር። ሲጎትት ብቻ የሚጮኸው ከሥር ነው።»

ጆንያ አንጥፈው በጀርባቸው ገቡ። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ይዘው ሲነቀንቁት ቋ ቋ አለ። ጫፉን የሚያጋጥመው መስቀል መሳይ ብረት፣ ክሮቼራው፣ ደርቆ ቀይ ዝገት እንደ ዱቄት ያራግፋል።

«ግሪስ መቼ ጠጣ?»

«በየወሩ ተብሎ ይፈረማል።»

«ወላሂ፣ ፊርማ ነው ያጠጡት!»

ደሜ ፈላ። እነሱ ያልቀቡትን ብረት በእኔ እግር ሊያሳብቡ!

የሚተካ ክሮቼራ እዚያ የለም። ጋሽ ሰይድ ግን መላ አላጡም። ዘንጉን ፈትተን አወጣነው፤ መኪናው በአራቱም ጎማ የሚጎትት ስለሆነ የፊት ጎማዎቹን ማርሽ አስገቡና «በፊቶቹ ይጎትትህ» አሉኝ። ከሻይ በቀር ምንም አልቀበል አሉ።

ዳገቱን ስወጣ ቤንዚን ረገጥኩ፤ ጸጥ። ጨመርኩ፤ ጸጥ። ብቻዬን «ተመስገን!» ብዬ ጮህኩ። ወዲያው ደግሞ ንዴቴ ተመለሰ፤ ሦስት ስብሰባ ያላገኘውን አንድ ሽማግሌ ጆንያ ላይ ተኝተው አገኙት።

ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ

ዘንጉን የስብሰባው ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ነቀነቅኩት። ቋ ቋ። የግሪሱን መዝገብ የሚፈርመው ሊቀመንበር ቀና አለ።

«ጓድ፣ አጀንዳችን ብረት አይደለም። ያንተ ግለ ሂስ ነው።»

መካኒኮቹ አቀረቀሩ። ልጆቼ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ፤ ቢሆንም ተነሳሁ።

«ጥፋት አለብኝ» አልኩ። ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት ብዕሩን አነሳ። «ጥፋቴ ፊርማህን ማመኔ ነው። ራሴ ከሥሩ መግባት ነበረብኝ። ጻፈው፣ ጓድ!»

አልጻፈም። «ቁልፍ ያስረክብ የምትሉ?» አለ፤ እጆች ወጡ። አንድ በአንድ አየኋቸው። ቁልፉን ከዘንጉ አጠገብ አስቀምጬ በእግሬ ቤቴ ገባሁ።

ባለቤቴ ነገሩን ሰምታ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ምናለ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ብትገላገል?»

«ብዬ ነበር» አልኳት፤ «መጻፍ ያቃታቸው እነሱ ናቸው።»