አማቴ ያላሳለፉት መርከብ

ሥራዬ የሰው ስህተት መፈለግ ነው። ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ቢሮ ተቀምጬ ሌሎች መሐንዲሶች የሠሩትን ንድፍ አያለሁ፤ ምሰሶው ከቀጠነ፣ ብረቱ ካነሰ፣ በቀይ ጽፌ እመልሰዋለሁ። የማላውቀውን ሰው «ተሳስተሃል» ለማለት አንድ ቀን እንኳ ምላሴ ተሳስሮ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የማወራው ነገር በደንብ እንዲያሳፍረኝ ነው።

የሚስቴ ወላጆች ግሪን ካርዳቸው ወጥቶ ሳን ሊያንድሮ እኛ ዘንድ ከገቡ ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። አማቴ አገር ቤት ሳሉ ሥራቸው ድልድይ መመርመር ነበር። ሠላሳ ዓመት ከወንዝ ወንዝ ዞረው ነው ጡረታ የወጡት። የሚስቴ እናት፣ እኔም እንደ ልጆቻቸው እማማ የምላቸው፣ እነዚያን ሠላሳ ዓመታት ቤት ሲጠብቁ አሳለፉ። ሁለቱ አንድም ጊዜ ለመዝናናት ብለው አብረው ከከተማ ወጥተው አያውቁም። ስለዚህ ልጆቻቸው ለአርባኛ ዓመት የጋብቻ በዓላቸው ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ አላስካ ደርሶ የሚመለስ የመርከብ ጉዞ ሲሰጧቸው፣ እማማ አላስካ የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም። «አብረን ነው አይደል የምንሄደው?» ብቻ አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠየቁ።

ችግሩ የጀመረው የመርከቡን ማስታወቂያ ለአማቴ የሰጠኋቸው ቀን ነው። የባሕሩን ፎቶ አለፉት፣ ምግቡን አለፉት፣ መዋኛውን አለፉት። የመጨረሻው ገጽ ላይ በትንንሽ ፊደል የመርከቡ ቁመት ተጽፏል። እዚያ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወጡ።

«ይሄ መርከብ በየት ነው ወደ ባሕሩ የሚወጣው?»

«በጎልደን ጌት ድልድይ ሥር ነው አባባ። ሌላ መውጫ የለውም።»

የድልድዩን ከፍታ ጠየቁኝ፤ ስልኬ ላይ አይቼ ነገርኳቸው። ደብተር አስመጡ። ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሲደምሩና ሲቀንሱ ዋሉ። ራት ሲቀርብ ውጤቱ ተነገረን፤ መርከቡ ከድልድዩ በሁለት ሜትር ይበልጣል፤ አያልፍም።

ሙቀቱን አስገብተዋል። ፀሐይ ሲሆን የድልድዩ ገመድ ይለጠጣል፣ ወለሉም ይወርዳል። መርከቡ የሚነሳው ቅዳሜ ስለሆነ የቅዳሜውን የመኪና ብዛት አስገብተዋል። ባሕሩ ሲሞላ መርከቡ ከፍ እንደሚል እንኳ አልዘነጉም። የዘነጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁመት ከመርከቡ ሆድ ጀምሮ እስከ ጭስ ማውጫው ጫፍ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ስምንት ሜትር ያህሉ ደግሞ ውሃ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እሳቸው መርከቡን ውሃው ላይ እንዳለ አስቀምጠውታል፣ ልክ አስፋልት ላይ እንደቆመ የጭነት መኪና። አይፈረድባቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ያሳለፉት መኪና ሁሉ ጎማው መሬት ላይ ነበር።

እኔ የጎረስኩትን ሳልውጥ ነው ስህተቱን ያየሁት። ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝና «አንተ መሐንዲስ ነህ፤ እስቲ እየው» አሉ። ሚስቴ አለች፣ እማማ አሉ፣ ጎረቤት አለ። ልጃቸውን የሰጡኝን ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ድልድይ ላይ የኖሩትን ሰው፣ በገዛ ቤቴ ማዕድ ላይ «የመርከቡን ቂጥ ረስተውታል» ልበል?

«በጣም ጥንቃቄ የተሞላበት ሥራ ነው አባባ» አልኩ።

ነገ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። በማግስቱ ግን ከሥራ ስመለስ አዲስ አበባ ላሉ ሁለት የድሮ ባልደረቦቻቸው ደውለው ጨርሰዋል። «አማቼም አይቶ አረጋግጦታል፤ አሜሪካ የተማረ መሐንዲስ ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ለሚስቴም አልነገርኳትም። ሚስቴ ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ሰውን ፊት ለፊት መናገር እንጀራዋ ነው። ብነግራት ጫማዋን ሳታወልቅ ሄዳ ትነግራቸዋለች፤ እሳቸውም ከማን እንደሰማች ያውቃሉ።

በዘዴ ላድርገው አልኩ። አንድ ምሽት የዕቃ ማጠቢያውን ገንዳ በውሃ ሞልቼ ትልቁን ድስት አንሳፈፍኩበት፤ ግማሹ እንዲሰምጥ ምስር ጨመርኩበት። አማቴ ውሃ ሊጠጡ ሲመጡ ድስቱን በጣቴ ወዲያና ወዲህ እየገፋሁ «አየህ፣ ከበድ ሲል እንዴት ወደ ታች ይገባል!» እያልኩ ለራሴ አወራ ጀመር። ቆመው አዩኝ። ሄደው ለሚስቴ «ባልሽ ሥራ በዝቶበታል መሰለኝ፤ እረፍት ይውሰድ» ብለዋታል።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። እንደ ድሮው መሥሪያ ቤታቸው ወግ ቁጥርና ቀን አለው፤ «ጉዳዩ፦ በድልድዩ ሥር ማለፍ ስለማይችለው መርከብ» ይላል፤ ግርጌው ላይ «ከሰላምታ ጋር» ተብሎ ተፈርሟል። በእንግሊዝኛ ተርጉሜ ለድልድዩ ኃላፊዎች እንድልክ ታዘዝኩ። ተረጎምኩት፤ እንዲያውም አሳምሬ ነው የተረጎምኩት። አልላክሁትም። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት «መልስ አልመጣም?» ይሉኛል፣ እኔም «ገና ነው አባባ» እላለሁ።

በዚህ መሐል እማማ ሻንጣቸውን ሦስቴ አዘጋጅተው ሦስቴ ፈትተዋል። አንድ ቀን ልብስ ሲያጥፉ አገኘኋቸው። «ዕድሜ ልኩን ድልድይ ሲያይ ነው የኖረው» አሉኝ። «አንዴ ከእኔ ጋር ከሥሩ ቢያልፍ ምን ነበረበት?» ደፍሬ እውነቱን መናገር ሲገባኝ፣ እንደ ወጉ ሽማግሌ ልልክ ወሰንኩ።

ሦስት ሽማግሌ ሰበሰብኩ። አንደኛው ኦክላንድ ትንሽ ሱቅ ያላቸው ኤርትራዊ አዛውንት ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል። ሁለተኛው ዳውንታውን ኦክላንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ይሠራሉ። ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያናችን ገንዘብ ያዥ ናቸው። ባልና ሚስት አብረው እንዲሄዱ ለምኑልኝ አልኳቸው። ስህተቱን ግን ለእነሱም አልነገርኩም፤ አማቴን ሰው ፊት ማዋረድ መሰለኝ። ባዶ እጃቸውን ነው የላክኋቸው።

በወጉ ቆመው «እሺ በለን» አሉ፤ አማቴ ግድ ብለው አስቀመጧቸውና ደብተሩን ገለጡ። ባለሱቁ እያንዳንዱን ቁጥር በጥሞና ሰሙ፤ ከዚያም «መርከቡ በየጊዜው ሲገባና ሲወጣ አይደል የሚኖረው? እስከ ዛሬ እንዴት አለፈ?» ብለው ጠየቁ። ከተቀመጥኩበት ጥግ ተነስቼ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ አማቴ ሳይደነግጡ። «እስከ ዛሬ በጭጋግ ነው ያለፈው። ብርድ ሲሆን ገመዱ ይኮማተርና ድልድዩ ከፍ ይላል። የፊታችን ቅዳሜ ግን ፀሐይ ነው፤ ትንበያውን አይቻለሁ።»

ድልድዩ በሙቀትና በብርድ መውረድ መውጣቱ እውነት ነው፤ ያበገነኝም እሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የጋራዡ ሰው ጭራሽ ጉዳዩን የራሳቸው አደረጉት። «እኔ በየቀኑ የማየው ነው ወንድሜ! ሳይኑ ላይ ክሊራንሱ፣ የጣሪያው ከፍታ፣ ተጽፏል፤ ትራኩ ግን አልፋለሁ ብሎ ይገባና ኮርኒሱን ገንጥሎ ይቀረቀራል። ሾፌር አያነብም!» አሉ። ገንዘብ ያዡ ደግሞ እሳቸውና ባለቤታቸው ለመስከረም የመርከብ ክሩዝ ቡክ ማድረጋቸውን ተናገሩና «ነገ ካንስል አደርገዋለሁ» አሉ። ባለሱቁ ትንሽ አሰቡና ሽማግሌ መላክ ያለበት ወደ መርከቡ ካፒቴን ነው ብለው ሐሳብ አቀረቡ። እኔ የላክኋቸው ሦስት ሽማግሌዎች አማቴን አመስግነው፣ መርቀው፣ ወጡ።

እሁድ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሰኞ ሴቶች እማማን ሊሰናበቱ መምጣት ጀመሩ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ቀስ ብለው ገብተው፣ ጉንጫቸውን ስመው፣ «እግዜር ያውቃል» ብለው ይቀመጣሉ። አንዷ የዋና መንሳፈፊያ ጃኬት ይዛ መጣች። እማማ ሁሉንም በእርጋታ አስተናገዱ። ዓርብ ሻንጣቸውን ለአራተኛ ጊዜ ዘጉና «ድልድዩ ከመታኝም ሄጄ ይምታኝ። ሠላሳ ዓመት ቤት ጠብቄያለሁ፤ ይበቃኛል» አሉ። አማቴ አልተቆጡም። ፈርተው ነበር። «እንግዲያው ታችኛው ፎቅ ሁኚ» አሉ። «ጭስ ማውጫው ነው መጀመሪያ የሚነካው። እኔ ድልድዩ ላይ ሆኜ አስቆመዋለሁ።»

ያን ጊዜ እንኳ መናገር እችል ነበር። እሳቸውም ሻንጣ ለማዘጋጀት አንድ ሙሉ ሌሊት ነበራቸው። አፌን ከፍቼ «አባባ…» አልኩ። ዞር ብለው «ከደብዳቤው መልስ መጣ?» አሉኝ። «አልመጣም» አልኩና አፌን ዘጋሁ።

ቅዳሜ ሚስቴ እማማን ወደ ወደቡ ወሰደች፤ እኔ አማቴን ይዤ ወደ ድልድዩ ሄድኩ። የእግረኛ መንገዱ መሐል ላይ ስንደርስ ቆሙ። ፀሐይ ነበር፣ እንደ ትንበያው። ከኮታቸው ውስጥ የእማማን ቀይ ሻርፕ አወጡ። አገር ቤት ድልድይ ሲደክም የጭነት መኪና የሚያስቆሙት በቀይ ጨርቅ ነበር።

መርከቡ ከወደቡ ወጥቶ መጣ። ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበበት፣ የሚጓዝ ሰፈር የሚመስል ነገር ነው። እንደኔ ያለ ልኩን የሚያውቅ ሰው እንኳ፣ ሲቀርብ ቁጥሩን በልቡ ደግሞ ያሰላል። አማቴ ሻርፑን ከራሳቸው በላይ አንስተው በሙሉ ኃይላቸው ያውለበልቡ ጀመር፤ «ቁም! ቁም!» ይላሉ። ከላይኛው ወለል ላይ በመቶ የሚቆጠር ሰው አያቸው፤ ሁሉም እጁን አንስቶ በደስታ አውለበለበላቸው። አጠገባችን ያሉ ቱሪስቶችም ደስ ብሏቸው ማውለብለብ ያዙ። እሳቸው «ቁም!» ባሉ ቁጥር መርከቡ ሙሉ ይጮህላቸዋል።

ጭስ ማውጫው ከእግራችን ሥር ገባ። አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው በእግር ጣቶቻቸው ጫፍ ቆሙ፤ ተረከዛቸውን ከድልድዩ ላይ አነሱለት። ምንም አልሆነም። ሁለት ፎቅ የሚያህል ክፍተት ተርፎት አለፈ።

ከዚያ ደብተሩን አውጥተው እዚያው ነፋስ ላይ ገለጡት፤ አንድ መስመር አሰመሩ፤ ስምንት ቀነሱ።

«ውሃ ውስጥ ያለውን» አሉ። ዞረው አዩኝ። «ታውቅ ነበር?»

«አዎ አባባ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ሽማግሌ ስትልክብኝም?»

«አዎ።»

«ደብዳቤውስ?»

«አልላክሁትም።»

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮሁ በወደድኩ። ደብተሩን ዘጉና በረጋ ድምፅ «ከሥሬ ብዙ ልጆች ሠርተዋል» አሉኝ። «ስሳሳት እያየ ዝም የሚለኝን ልጅ ድልድይ አላስነካሁትም።»

ስልካቸው ጮኸ። እማማ ነበሩ፤ ድምፃቸው እስከ እኔ ይሰማል።

«አየኸኝ? እኔ አይቼሃለሁ! ታች ሁኚ ብትለኝም ላይ ወጣሁ። ግን ጎንበስ ብዬ ነው ያለፍኩት፤ አንተ ደስ እንዲልህ ብዬ። ፈረንጆቹ ሳቁብኝ፣ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።»

«ስሌቱ ስህተት ነበር» አሉ አማቴ። «መምጣት እችል ነበር።» ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉ። «በል፣ የቀረውን አንተ ንገራት።»

ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ከራቱ ጀምሬ፣ በነፋሱ ላይ እየጮህኩ። በአሥር ደቂቃ አለቀ። ያን ያህል ብቻ ነበር የሚፈጀው። እማማ አላቋረጡኝም።

«አንተ ልጅ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ክፍላችን ውስጥ ሁለተኛው አልጋ እኮ ተነጥፎ ነው ያገኘሁት።»